ከአፕዴት በኋላ ስልኬ ተበላሸ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

አይፎን ይሻላል፣ አንድሮይድ ይሻላል የሚለው ክርክር አፕዴት ላይ ሲደርስ ይጦፋል። አንዱ «እኛ ጋ ሁሉም ስልክ እኩል ይደርሰዋል» ሲል ሌላው «እናንተ ጋ ሲበላሽም እኩል ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን የተበላሸ ስልክ ለያዘ ሰው የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህን ችግር ማስተካከል የሚችለው ማን ነው? አይፎን ላይ ስልኩንም ሲስተሙንም የሚሠራው አፕል ብቻ ነው። አንድሮይድ ላይ ግን ጉግል፣ የቺፕ አምራቹ፣ የስልኩ አምራች፣ አንዳንዴም የኔትወርክ ድርጅቱ እጃቸውን ያስገባሉ። አመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግር፦ ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ስልኩ ይግላል፣ ይንቀረፈፋል

በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ይህ ነው፤ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም።

አፕዴቱ ከተጫነ ገና አንድ ሁለት ቀን ከሆነው፣ ስልኩ ውስጥ ለውስጥ ሥራ ላይ ነው። ፎቶና ፋይሉን ለፍለጋ እንዲመች እንደገና ይመዘግባል፤ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ አፖቹን ለአዲሱ ሲስተም እንደ አዲስ ያሰናዳል። ማታ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ዋይፋይ እንደበራ ተዉት። በመጀመሪያው ቀን ተናዶ ፋክተሪ ሪሴት ማድረግ (ሁሉን አጥፍቶ ስልኩን እንደ አዲስ ማስጀመር) ትርፉ ድካም ነው፤ ያንኑ ሥራ ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ቀናት አልፈውም ካልተሻለው፣ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ከፍታችሁ ባትሪውን የሚበላው የትኛው አፕ እንደሆነ እዩ። አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ከራቀ እሱን አፕዴት አድርጉት፤ እምቢ ካለ አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት። የሲስተሙና የአፑ ጥፋት ተደራርቦ የሚመጣበት ጊዜም አለ። በ2023 አይፎን 15 ፕሮ ይግላል ተብሎ ሰው ሁሉ አዲሱን የቲታኒየም አካል ሲወቅስ፣ አፕል ምክንያቱ አይኦኤስ 17 (የአይፎን ሲስተም) ውስጥ ያለ ስህተትና አንዳንድ አፖች ናቸው ብሎ በ17.0.3 አስተካከለው።

ሦስተኛው ምክንያት ያረጀ ባትሪ ነው፤ የክርክሩ ትልቁ ቁስልም እዚህ ላይ ነው። በ2017 መጀመሪያ የወጣው አይኦኤስ 10.2.1 ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ፍጥነታቸውን ይቀንስ ነበር። ተጠቃሚው ግን በግልጽ አልተነገረውም። አፕል ነገሩን ያመነው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሲሆን፣ ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2018 በአይኦኤስ 11.3 ደግሞ የባትሪውን ጤና የሚያሳይ ገጽ ጨመረ። በእኔ እምነት ፍጥነት መቀነሱ ምክንያት ነበረው፤ ይቅር የማይባለው ዝምታው ነው። ስልኩ ሲዘገይበት ሌላ ስልክ የገዛ ሰው ባትሪ ብቻ መቀየር ይበቃው ነበር። ስለዚህ የባትሪው አቅም ከ80 በመቶ በታች ከወረደ፣ አፕዴቱን ከመርገማችሁ በፊት ባትሪውን አስቀይሩ።

ችግር፦ አፖች እንደተከፈቱ ይዘጋሉ

አንድ አፕ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአፑ ነው፤ አንድሮይድ ከሆነ ካሹን (አፑ ለጊዜው ያስቀመጠውን ፋይል) አጽዱ፣ አፕዴቱን ጠብቁ። ብዙ አፕ ባንዴ ከሆነ ግን ሁሉም የሚጋሩት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። በመጋቢት 2021 አንድሮይድ ላይ ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ አፖች እየተከፈቱ ይዘጉ ነበር። ጥፋተኛው አፖች ውስጥ ድረ ገጽ የሚያሳየው ዌብቪው የተባለ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ መፍትሄውም እሱንና ክሮምን ከፕሌይ ስቶር አፕዴት ማድረግ ነበር። «እኔ እኮ ሲስተሜን አፕዴት አላደረግኩም» የሚል ሰው ይህን ይያዝ፦ አንድሮይድ ላይ ሲስተሙ ሳይነካ ከሥሩ የሚለወጥ ብዙ ነገር አለ።

ጥርጣሬው ራሳችሁ በጫናችሁት አፕ ላይ ከሆነ አንድሮይዱን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም የጫናችኋቸው አፖች ሳይሠሩ፣ አስነሱት። እዚያ ውስጥ ደህና ከሠራ፣ በቅርብ የጫናችሁትን አንድ በአንድ እያነሳችሁ ፈትሹ።

ችግር፦ ጓደኛዬ አፕዴቱ ደርሶታል፣ እኔ ጋ የለም

አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። አምራቾች አፕዴትን ለጥቂት ሰው ልከው፣ ችግር ካልታየ ቁጥሩን እያሰፉ ይሄዳሉ። መዘግየቱ ያናድዳል፤ ጥቅሙ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። በመስከረም 2014 አይኦኤስ 8.0.1 ሲለቀቅ የጫኑት አይፎን 6 እና 6 ፕላስ ስልኮች ኔትወርክና የጣት አሻራ አጥተው፣ አፕል በዚያው ዕለት ለመሰብሰብ ተገደደ።

ሌላው ምክንያት የድጋፍ ዘመኑ ማለቁ ነው። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል፤ ብዙ ርካሽ ሞዴሎች ግን ይህን ያህል አያገኙም። ሴቲንግ ውስጥ የሴኪዩሪቲ ፓች (የደኅንነት ማስተካከያ) ቀኑን እዩ። ከአንድ ዓመት በላይ ካስቆጠረና አዲስ ከሌለ፣ አምራቹ ስልኩን ትቶታል ብላችሁ አስቡ፤ የባንክ አፕ ባትጭኑበት ይመረጣል።

ችግር፦ አዲሱን ጠላሁት፣ ወደ ድሮው ልመለስ

እዚህ ላይ ሁለቱም ጎራ በሩን ዘግቷል። አፕል ለቀድሞው ቨርዥን ፈቃድ መስጠት ካቆመ መመለሻ የለም፤ የሚያቆመውም ብዙ ሳይቆይ ነው። አንድሮይድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቡትሎደር (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ክፍል) መክፈት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል፣ አንዳንድ የባንክ አፖችም መሥራት ያቆማሉ። ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክል መቆለፊያ ያላቸው ሞዴሎችም አሉ፤ በግድ ፍላሽ ሲደረጉ (አሮጌው ሲስተም ሲጫንባቸው) ጨርሰው ላይነሱ ይችላሉ።

መፍትሄው ከመጫን በፊት ነው ያለው። ትንንሾቹን የደኅንነት አፕዴቶች አታዘግዩ። ትልቁን፣ ቁጥሩ ከ17 ወደ 18 የሚዘለውን ዓይነት፣ የመጀመሪያው ማስተካከያ እስኪወጣ መታገሥ ይቻላል። ባካፓችሁንም ከአፕዴቱ በፊት ያዙ፤ በአዲሱ አይኦኤስ ላይ የተያዘ ባካፕ በአሮጌው ላይ አይከፈትም።