ግሩፓችሁ ውስጥ የሰው መጽሐፍ በፒዲኤፍ ሲለቀቅ ምን ታደርጋላችሁ?

ጅማ ውስጥ ፍላሽ ይዞ ሄዶ ዘፈን ማስጫን ጨርሶ አልቀረም፤ ብዙው ግን ወደ ቴሌግራም ዞሯል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ እስከ ከተማው መርካቶ ሱቆች ሁሉም የየራሱ ግሩፕ አለው። የፍሬሽማን ሞጁል፣ የኤግዚት ኤግዛም ጥያቄ፣ ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ ልብወለድ፣ ምን የማይለቀቅ አለ? ቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል ሙሉ ፊልምም በአንዴ ይገባል።

ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቱ ይመጣል። «መጽሐፌን ማን ፈቀደላችሁ?» ይላል። አድሚኑ ያጠፋል፣ የለጠፈው ልጅ ይቆጣል፣ አባላቱ ጎራ ለይተው ይሰዳደባሉ። አድሚን ከሆናችሁ ለዚያ ቀን እንዲህ ተዘጋጁ።

መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ ከዚያ ማንሳት

ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደለጠፈ ስክሪንሾት ያዙ። የአቤቱታውን መልእክትም ጨምሩ። ቴሌግራም አድሚኖች ያጠፉትን «ሪሰንት አክሽንስ» በሚለው ገጽ ላይ ያሳያል፤ ግን የ48 ሰዓት ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ያጠፋችሁትን ሰኞ ማታ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ከዚያ ፋይሉን አንሱ። ማንሳት መፍረድ አይደለም። ከሳሹ ባለቤት ካልሆነ መልሶ መለጠፍ ይቻላል፤ ሰው ሁሉ ካወረደው በኋላ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ከሳሹን ሦስት ነገር ጠይቁ

የትኛው ሥራ ነው? የትኛው ፖስት ላይ ነው (ሊንኩን ይላክ)? መብቱስ በምን የአንተ ሆነ? እውነተኛ ባለቤት ይህን ለመመለስ አይቸገርም። «ጓደኛዬ ደራሲ ነው፣ እሱን ወክዬ ነው» ከተባለ ጓደኛው ራሱ ይጻፍ።

ሕጉን በልካችሁ እወቁ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሥራው እንዲጠበቅ ምዝገባ አይጠይቅም። ስለዚህ ለመጽሐፍ «ምንም የቅጂ መብት ምልክት የለበትም» የሚለው ክርክር አያዋጣም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለፎቶ 25 ዓመት ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሁላችን ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ጅሬን ወጥቶ ያነሳውና ስሙን የጻፈበት ልጅ ፎቶ ግን የእሱ ነው። ከታች ያለውን ስሙን ቆርጦ መለጠፍ ደግሞ ነውር ጭምር ነው።

ሁለት ሰበብ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። አንዱ «ለግሌ ነው» የሚለው ነው። ሕጉ ለግል አንድ ቅጂ ይፈቅዳል፤ ሁለት ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ግን የግል አይደለም። ሌላው «ለትምህርት ነው»። ለማስተማር ከታተመ ሥራ መውሰድ ይቻላል፤ ምንጩ ከተጠቀሰና መጠኑ ለዓላማው ያህል ከሆነ። ሙሉውን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ስካን አድርጎ መልቀቅ በዚህ አይሸፈንም።

አዋጅና ደንብ በነፃነት ልቀቁ፤ የመንግሥት የሕግ ሰነዶችን አዋጁ አይሸፍንም። ሐሳብም ባለቤት የለውም። ሲኒየሩ ከመጽሐፉ ተረድቶ በራሱ አባባል የጻፈው አጭር ኖት የራሱ ነው፤ እሱ እስከፈቀደ ድረስ አሰራጩት።

የለጠፈውን በኢንቦክስ፣ ግሩፑን በአንድ መስመር

ጠቡ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከማጥፋቱ አይደለም። ዝም ብሎ ከማጥፋቱ ነው። ለልጁ እንዲህ ብትጽፉለት ይበቃል፦

«ሰላም ወንድሜ። የለቀቅከውን ፒዲኤፍ አንስቼዋለሁ፤ ደራሲው የኔ ነው ብሎ መጥቷል። አንተ ላይ የተወሰደ እርምጃ የለም። ፈቃድ ካለህ ላክልኝ፣ እመልሰዋለሁ።»

ግሩፑ ላይ ደግሞ ስም ሳትጠሩ፦ «አንድ ፋይል በባለቤቱ ጥያቄ ተነስቷል። ጥያቄ ያለው በኢንቦክስ።» አለቀ። ከሥሩ አትከራከሩ። ነገሩ ከጋለ መልእክት በተከታታይ እንዳይላክ የሚያደርገውን «ስሎው ሞድ» አብሩ፤ ሰው በየመልእክቱ መሀል ትንሽ ይተነፍሳል።

ልጁ ቅር ካለው፣ ያጠፋው አድሚን ራሱ ዳኛ አይሁን። ሌላው አድሚን ይየው። ቅጣቱንም አስቀድማችሁ ፒን አድርጉ፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት ፋይል እንዳይልክ መከልከል፣ በመጨረሻ ማስወጣት። ተናዶ ወዲያው ባን የሚያደርግ አድሚን፣ በሳምንቱ እሱን ብቻ የሚሰድብ ሌላ ግሩፕ ተከፍቶ ያገኛል።

የተወሰደው የእናንተ ሥራ ከሆነ

መጀመሪያ ለአድሚኑ ጻፉ፤ በጨዋ ቋንቋ። እምቢ ካለ ቴሌግራም ለቅጂ መብት አቤቱታ ያዘጋጀው ኢሜይል አለ። ዩቲዩብ ደግሞ ፎርም አለው። ዩቲዩብ ላይ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት «ስትራይክ» (የቅጂ መብት ጥሰት ማስጠንቀቂያ) የተቆለለበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ተከሳሹም የመልስ አቤቱታ ማስገባት ይችላል፤ ያን ጊዜ እናንተ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄዳችሁን ማሳየት አለባችሁ። ይህ አሠራር የመጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1998 ከወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው። የራሳችሁ ባልሆነ ሥራ አቤቱታ እንዳትሞክሩ፤ መልሶ እናንተን ያስጠይቃል።

አገር ውስጥ በፍርድ ቤት ነው። ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የሞራል ካሳውም ከ100,000 ብር አያንስም። እኔ በበኩሌ ለአንድ ፒዲኤፍ እዚያ ድረስ መሄድን አልመክርም። በፋይሉ ገንዘብ እየሰበሰበ ያለ ሰው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ግሩፑን በምን ትሞሉታላችሁ?

ፋይሉን ሳይሆን ሊንኩን ለጥፉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ጆርናል በነፃ ይነበባል። ኦፕንስታክስ የሚባለው ድረ ገጽም በነፃ የሚወርዱ የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍት አሉት። የመምህራችሁን ሀንድአውት ከፈለጋችሁ ደግሞ በጽሑፍ ጠይቁ፦ «መምህር፣ ለክፍላችን ግሩፕ ብንለቀው ይፈቅዱልናል?» እሺ ካሉ የመልሳቸውን ስክሪንሾት ከፋይሉ ሥር አስቀምጡት።