ተዳፋት ቦታ ላይ ቤት ስትሠሩ አፈራችሁን እንዴት ታስቀራላችሁ?

እያደገ ባለ የገጠር ቀበሌ ቦታ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሎደር ነው። ይጠረግ፣ ይስተካከል፣ በቃ። እኛ ሰፈር አንድ ጎረቤት በግንቦት እንዲህ አስጠረገ። ሐምሌ ላይ ከግቢው የወጣው ቀይ ጎርፍ ታች ያሉት ቤቶች ማጀት ገባ። በዓመቱ አጥሩ ሥር ጥጃ የሚውጥ ቦረቦር ተከፈተ። ስለዚህ ሎደሩ ይቆይ።

መጀመሪያ ዣንጥላ ይዛችሁ ዝናብ ላይ ቦታው ላይ ቁሙ። ውሃው ከየት ይገባል? የት ይተኛል? በየት ይወጣል? በመንገዱ ችካል ምቱ። ክረምቱ ካመለጣችሁ ታች ያለውን ጎረቤት ጠይቁ፤ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቤቱ ከዚህ መንገድ ውጭ ይቁም።

ቀጥሎ ውሃ ልክ ማውጣት ነው፤ ማለትም ዳገቱ ላይ ከፍታው እኩል የሆነውን መስመር መፈለግ። ሁለት ሁለት ሜትር የሆኑ ሁለት አጣናዎች ጫፋቸውን እሰሩና እግራቸውን ክፈቱ። ወገባቸው ላይ አግዳሚ እንጨት ምቱ። ከአናቱ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ አንጠልጥሉ። አቁሙትና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበት ላይ ምልክት አድርጉ። እግሮቹን እዚያው ቦታ ላይ አቀያይራችሁ እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መካከል ውሃ ልካችሁ ነው። ከዚያ አንዱን እግር ተክላችሁ ሌላውን እያዞራችሁ፣ ሲባጎው መካከሉ ላይ ሲያርፍ ችካል እየመታችሁ ሂዱ። መስመሩ ይጣመማል። አታቃኑት፤ ጠማማው መሬቱ ነው።

በዚያ መስመር እርከን ሥሩ። ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አፈሩን ወደ ዳገቱ በኩል ወርውሩት። ያደክማል፤ ግን ከላይ የሚመጣው ደለል እዚያ እየቆመ መሬቱ በጊዜ ብዛት ራሱን ያስተካክላል። ድንጋይ ካላችሁ ካብ ይሻላል። ኮንሶዎች ስንት ዳገት በካብ እንደያዙ አስቡ፤ ሥራቸው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የአፈሩ ግድብ ላይ ሣር ይተከል። ቬቲቨር ሥሩ ጠልቆ ይይዛል። ላም ያለው ግን ደሾ ቢተክል ያጭደዋል።

ከቦታው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል። በ100 ሜትር ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ይበቃዋል፤ ከዚያ ከበለጠ ቦዩ ራሱ ይቦረቦራል። መጨረሻው የቆየ የውሃ መውረጃ ይሁን እንጂ የሰው ማሳ አይሁን። ስንት ጎረቤት ሽማግሌ ፊት የቆመው በዚህ ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አሳዩት።

አሁን ሎደር ወይም ዶማ ይግባ፤ ግን ቤቱ የሚያርፍበትን ብቻ ይቁረጥ። የላይኛውን 20 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ለብቻ ከምሩ። ኋላ ለጓሮ ጎመን ትፈልጉታላችሁ። ወይራና ዋንዛ ካለ አትንኩት። ባሕር ዛፍ ምንጭ አጠገብ አትትከሉ።

ጣሪያው ላይ አሸንዳ አትርሱ። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 1,200 ሊትር ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ስድስት መሙላት ነው፤ የሚፈሰውና የሚረጨው ትንሽ ይቀንሰዋል እንጂ።

ቁፋሮው በበጋ ይለቅ። ሣሩ ዝናቡ ሲይዝ ይተከል። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ አካፋ ይዛችሁ ቦዩን ዙሩት፤ ደለል የዘጋው ቦታ አይጠፋም።