የማጨጃ ትራክተር ቺንጋ ሲወልቅ፣ ሲቃጠልና ሲበጠስ

አዲስ ያስገባው ቺንጋ በሳምንቱ የተበጠሰበት ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ቅዳጁን በእጁ ይዞ ነው። «ዕቃው አይረባም» ይለኛል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቺንጋውን የበላው ሌላ ዕቃ ነው፤ እሱም አሁንም እዚያው ምላጮቹን በያዘው የማጨጃ ክፍል፣ በዴኩ ላይ ተቀምጧል፣ የሚቀጥለውንም ይበላዋል። ይህን የምጽፈው ዴኩ ከሆዱ ሥር የተንጠለጠለ፣ ዕድሜ የጠገበ ማጨጃ ትራክተር ለያዘ ሰው ነው። ነዳጁን፣ ባትሪውንና የመቀመጫውን ስዊች አይታችኋል ብዬ እነሳለሁ።

ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ የካንዴላውን ገመድ አውልቃችሁ ወደ ጎን አርቁት። ወፍራም ጓንት አድርጉ። ቺንጋው ገና ካልወጣ አንዱን ምላጭ ስታዞሩ ሌላውም ተስቦ አብሮ ይዞራል። አንድ እጁን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ አስገብቶ የሚሠራ ሰው ጣቱን የሚያጣው በዚህ ነው።

ቺንጋው ቦታው ላይ ነው፣ ምላጩ ግን አይዞርም
ምላጩን የሚያስይዘው ክላች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ የሽቦውን ሶኬት እዩ፤ በእጅ ማንሻ ከሆነ ገመዱ ከመንጠቆው ወልቆ ይሆናል።

ዴኩ ይንቀጠቀጣል
ምላጩ ተጣሟል ወይም ዘንጉ ተመቷል። ቺንጋ አትግዙ።

ባዶውን ይዞራል፣ ሣሩ ሲወፍር ይዝላል
የቺንጋውን ጎን እዩት። እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ተንሸራቶ ተቃጥሏል። ቺንጋ የሚይዘው በሁለት ጎኑ ነው። ቺንጋው የሚጠመጠምበት የፑሌጃ ቦይ ወለሉ ተወልውሎ ካበራ ቺንጋው እስከ ታች ሰምጧል ማለት ነው፤ ወይ እሱ አልቋል፣ ወይ ቦዩ ሰፍቷል። የሚያስይዝ ስፕሬይ ነፍታችሁ ለማዳን አትሞክሩ። አቧራና የሣር ድቃቂ ይሰበስብበታል፣ ከዚያ በኋላ ፑሌጃውም ይበላሻል።

ቺንጋው ይወልቃል፣ ወይም አዲስ ገብቶ ቶሎ ያልቃል
ከአሥር ማሽን ስምንቱን የማየው በዚህ ችግር ነው ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ በደንብ ተከተሉኝ።

ቺንጋውን አውጡና እያንዳንዱን ፑሌጃ ለብቻው በእጃችሁ አዙሩ። ፑሌጃው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደህና ከሆነ ድምፅ የለውም፣ ግሪሱ ስለሚይዘው ቶሎ ይቆማል። ለብዙ ጊዜ እየተሽከረከረ ደረቅ ድምፅ የሚያሰማው ግሪሱን ጨርሷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «እንዴት ቀለል ብሎ ይዞራል!» ብሎ ያልፈዋል። ቀጥሎ የፑሌጃውን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ትንሽ እንኳ ከተወላገደ ሥራ ላይ ሲሆን ይጋደላል፣ ቺንጋው በአንድ ጎኑ ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ይገለበጣል።

ቺንጋውን ገፍቶ በሚወጥረው መወጠሪያ ፑሌጃ ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ኩሽኔታ 6203 ነው፤ ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር። ይህንኑ ቁጥር ይዞ ቀዳዳው በኢንች የተሠራም ስላለ ቡሎኑን ይዛችሁ ሂዱ። በሁለቱም ፊት የጎማ ክዳን ያለውን ግዙ። ከፑሌጃው ጋር ተጨፍልቆ የተገጠመ ከሆነ አይለወጥም፣ ፑሌጃውን በሙሉ ቀይሩ። በርካሽ የሚሸጡት የፕላስቲክ መወጠሪያዎች ሲግሉ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። እኔ አልገጥማቸውም፤ አምጥተው ግጠምልኝ ቢሉኝም አልገጥምም።

ኩሽኔታው ሁሉ ደህና ከሆነ መወጠሪያ ፑሌጃውን የተሸከመው፣ ሞላ የሚስበው ክንድ ይቀራል። በአንድ የማጨድ ወቅት ሦስት ቺንጋ የጨረሰ ማሽን መጥቶልኝ ነበር። ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ ሞላውን ቀየርኩ፣ አራተኛ ቺንጋ አስገባሁ። በአሥረኛው ቀን ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው ሞላውን ፈትቼ ክንዱን ብቻውን ያንቀሳቀስኩት። ስገፋው ይሄዳል፣ ስለቀው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የሚዞርበት ፒን ዝጎ ነበር። ሞላው አዲስ ቢሆንም ክንዱን ሊስበው አልቻለም፤ ቺንጋው ላልቶ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ፒኑን አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት ወለወልኩት፣ ግሪስ ቀብቼ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ያ ማሽን ለቺንጋ ብሎ አልመጣም። እኔም ሞላውን ፈትቼ ክንዱን ሳልሞክር ቺንጋ አልገጥምም።

ሌላው የመጠበቂያው ብረት ነው፤ ከፑሌጃው አጠገብ ቆሞ ቺንጋው ዘሎ እንዳይወጣ የሚይዘው። ቺንጋ ለማውጣት ሲባል ሳይላላ በጉልበት ተጣሞ ይገኛል። ቺንጋውን መንካት የለበትም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን ከቺንጋው ውፍረት ማነስ አለበት።

የትኛው ቺንጋ
የመኪና ቺንጋ አታስገቡ። በልኩ ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው። የማጨጃው ቺንጋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነው። በመወጠር በሚይዙት ዴኮች ላይ ማንሻውን ስትለቁ ቺንጋው በሚዞረው የሞተር ፑሌጃ ላይ እየተንሸራተተ መቆየት አለበት፣ በጀርባውም ወደ ኋላ ይታጠፋል። ጎኑ እርቃን ጎማ የሆነው የመኪና ቺንጋ ነክሶ ይይዛል፤ ማንሻውን ለቃችሁም ምላጩ መዞሩን ላያቆም ይችላል። ይህ እግር ያስቆርጣል። የውስጥ ክሩ አራሚድ የሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የሆነው ብዙ አይለጠጥም፣ የድካማችሁን ያህል ይቆያል። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 12.7 ወይም 15.9 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቱን ከአሮጌው አትለኩ፣ አሮጌው ተለጥጧል። ከማሽኑ መመሪያ ላይ የዕቃውን ቁጥር ውሰዱ።

አገጣጠም
ዴኩን ወደ ታች አውርዱ፣ ክዳኖቹን ፍቱ፣ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት መንገዱን በስልክ ፎቶ አንሡ። የመወጠሪያውን ክንድ ወደ ላላው በኩል ሳቡ፤ ካልበቃ የፑሌጃውን ዳዶ ፈትታችሁ አላሉት። በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አታስገቡ። በካቻቢቴ የገባ ቺንጋ ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን የጠርዙ ክር ተበጥሷል፤ ከዚያ በአንድ ጎኑ እየተለጠጠ ይገለበጣል። በአዲስ ቺንጋ ላይ ይህ ሲደረግ ማየት ያናድደኛል።

ሾጣጣው ፊት ቦይ ባለው ፑሌጃ ውስጥ፣ ጠፍጣፋው ጀርባ ጠፍጣፋው መወጠሪያ ላይ ይተኛል። ከዚህ ውጪ ከሆነ መንገዱን ስታችኋል። ዙሪያውን በጣታችሁ ተከትላችሁ አለመጠማዘዙን እዩ። መጠበቂያዎቹንና ክዳኖቹን መልሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ የካንዴላውን ገመድ ግጠሙ።

መጀመሪያ ስታስነሡ ሣር በሌለበት ቦታ፣ መቀመጫው ላይ ሆናችሁ፣ ሞተሩ መካከለኛ ፍጥነት ላይ እያለ አስይዙ። ረጅም ሣር ውስጥ ገብቶ ሙሉ ነዳጅ ረግጦ በአንድ ጊዜ የሚያስይዝ ሰው ቺንጋውን ያቃጥላል። ዴኩን በኃይለኛ ውኃ ስታጥቡም ኩሽኔታዎቹ ላይ አታነጣጥሩ፤ ውኃው ክዳኑን አልፎ ግሪሱን ያወጣዋል።

ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሥራ በኋላ አጥፉና የካንዴላውን ገመድ ነቅላችሁ ክዳኖቹን እንደገና ክፈቱ። በአንድ ፑሌጃ ዙሪያ ጥቁር የጎማ ዱቄት ተከምሮ ካያችሁ ቺንጋውን የሚበላው እሱ ነው።