ከዓለም ጦርነት ወደ ቀዝቃዛው ጦርነት፦ ለሐዋሳ ተፈታኞች የአጠናን መመሪያ

በሐዋሳ ለአገር አቀፍ ፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ይህን ምዕራፍ ስትጀምሩ የደብተራችሁን ገጽ ለሁለት ከፍላችሁ የእኛንና የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። ጀርመን ፖላንድን የወረረችው ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ በእነርሱ ደግሞ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ነው፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መሆኑን የዘነጋ ተማሪ መልሱን እያወቀ ይሳሳታል።

ከዚያ ምክንያቱን ተከታተሉ። ሂትለርን ለማሸነፍ የተባበሩት አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት፣ ድሉ እንደተገኘ ስለ ጀርመንና ስለ ምሥራቅ አውሮፓ ዕጣ ለምን እንደተቃቃሩ በራሳችሁ ቃል አብራሩ። በ1940 ዓ.ም. ሶቭየት በእርሷ ይዞታ መካከል ወደነበረችው፣ በምዕራባውያን እጅ ወዳለችው ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን የምድር መንገድ ስትዘጋ፣ ምዕራባውያኑ ተኩስ በመክፈት ፋንታ ምግብና የድንጋይ ከሰል በአውሮፕላን ማመላለሳቸው ያለ ቀጥተኛ ውጊያ የተካሄደውን የቀዝቃዛውን ጦርነት ፍጥጫ ጠባይ ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ እኔ ሶቭየት በኩባ ሚሳኤል በመትከሏ ከተነሣው ቀውስ አስቀድሜ እንዲጠና እመክራለሁ።

የአገራችንንም ድርሻ በዚያው ገጽ አስፍሩ፦ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያ ወዳጅ የነበረችው ሶቭየት ለኢትዮጵያ ወግና መሣሪያ አጎረፈች። አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ ደብተሩን ለጓደኛችሁ ሰጥታችሁ ከቀኑ በፊት ምክንያቱን ይጠይቃችሁ።