የነታንያ ጠረፍ በየካቲት፦ አበባውንና እንስሳቱን ሳይረብሹ ለማየት

በኢትዮጵያ አደይ የምትፈነዳው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ነው። በእስራኤል የባሕር ጠረፍ ግን ዝናቡ የሚጥለው በብርዱ ወራት ስለሆነ አበባው የሚደርሰው በየካቲት ነው። ፋሲካን ጠብቆ የሚወጣ ሰው ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ያሉትን አራት ሳምንታት ያዙ። ቀኑን ስትቆርጡ ደግሞ የአየር ትንበያውን እዩ፤ ሻራብ የሚሉት ደረቅና ትኩስ ነፋስ አንድ ሁለት ቀን ከነፈሰ ለጋው አበባ ባንዴ ይጠወልጋል። ሻራብ ይመጣል ከተባለ ቀድማችሁ ሂዱ። ዝናብ ከጣለ ግን መንገዱ እስኪጠነክር ሁለት ቀን ታገሡ።

መነሻው በደቡብ ነታንያ፣ በዒር ያሚም ሰፈርና በባሕሩ መካከል ያለው የኢሩስ አበባ ጥብቅ ቦታ ነው። ኢሩስ ሃ-አርጋማን የሚባለው ይህ አበባ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፤ በአንድ ዘንግ አንድ አበባ ብቻ ያወጣል፤ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚበቅለው በእስራኤል የጠረፍ ሜዳ፣ በአሸዋና ሐምራ በሚባለው ቀይ አፈር ላይ ብቻ ነው። ያ መሬት ደግሞ ሕንፃ የሚበዛበት ስለሆነ የቀረለት ቦታ ጥቂት ነው።

ይህ አበባ ማር የለውም። ንብ የሚመጣበት ለማደር ነው። በየግላቸው ከሚኖሩት የዱር ንቦች ወንዶቹ የራሳቸው ጎጆ የላቸውም፤ ሲመሽ መጠለያ ይፈልጋሉ። አበባውን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ሦስት ቅጠሎቹ ወደ ላይ ቆመዋል፣ ሦስቱ ወደ ታች ወርደዋል። በወረደው በእያንዳንዱ ላይ ሌላ ጠባብ ቅጠል ጎንበስ ብሎ ትንሽ ዋሻ ይሠራል፤ ስለዚህ አንድ አበባ ሦስት መኝታ አለው ማለት ነው። ንቡ አንዱን ከመምረጡ በፊት ብዙ አበባ ገብቶ ይወጣል፤ ጀርባው ላይ የተጣበቀው ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ የሚሻገረው ያኔ ነው። ሲነጋ ደግሞ ጥቁሩ ቀለም ፀሐይዋን ይስባል፣ ዋሻው ከውጪው አየር ቀድሞ ይሞቃል፣ ንቡም በጊዜ ይነሣል።

ይህን ለማየት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያለው፦ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ወይም ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት። ጠዋት ከሆነ ወደ ምሥራቅ የዞረውን ዋሻ ምረጡ። ከመንገዱ ዳር፣ ክንድ ተኩል ያህል ርቃችሁ ቁጭ በሉ። ጥላችሁ አበባው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ፤ ካረፈበት ሙቀቱ ይቀንስና ንቡ ሳይወጣ ይቆያል። ቅጠሉን በጣት ከፍቶ ማየት አይገባም። አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አምሳ አበባ ፎቶ እያነሣ ከሚሮጠው የበለጠ ያያል።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ለፎቶ ሲባል ከመንገዱ በሚወጣ እግር ነው። የኢሩሱ ግንድ አፈር ውስጥ አግድም የሚሄደው ከወለሉ ሳይርቅ ነው፤ ባዶ መስሎ የሚታየው መሬት ሥር የሚመጣው ዓመት ቡቃያ አለ።

በዚሁ ወቅት ቀይ አበባም በየቦታው ይታያል፤ ሦስት ዓይነት ነው፣ በቀላሉም ይምታታሉ። ሳትቀጥፉ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩ። ካላኒት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ አበባ ሆና የተመረጠችው፣ ከአበባዋ ሥር አረንጓዴ ሽፋን የላትም፤ ዘንጓ ላይ ዝቅ ብሎ ግን እንደ ድንብላል ቅጠል የተበጣጠሰ ቀለበት አላት። ኑሪት ከአበባው ሥር አረንጓዴ ሽፋን አለው፤ የአበባው ቅጠልም ቫርኒሽ እንደተቀባ ያብረቀርቃል። ፔሬግ አራት ስስ የአበባ ቅጠል ብቻ አለው፣ ዘንጉ ፀጉራም ነው፣ ያልፈነዳው እንቡጥ አንገቱን ይደፋል። ካላኒት ትቀድማለች፣ ፔሬግ የመጨረሻው ነው።

አሸዋው ላይ ጣት የመሰለ ቅጠል ያለው ነጣ ያለ አበባ ካያችሁ የጎጃም ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ የግብጦ ዘመድ ነው፣ ቱርሙስ ይሉታል። ፍሬውን ግን እንዳትቀምሱ፤ እንደ ግብጦ ሁሉ መራራ መርዝ አለበት።

ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሌክሳንደር ወንዝ ተሻገሩ። የኤሊዎች ድልድይ በሚባለው ቦታ ልስልስ ጀርባ ያለው ትልቁ ኤሊ ይኖራል፤ በናይል ወንዝም የሚገኘው ዓይነት ነው። ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝምና 50 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል። ለዚህ እንደ ኢሩሱ ማልዶ መምጣት አያስፈልግም፤ ኤሊው ሙቀት ካላገኘ አይወጣም። ጥርት ባለ ቀን፣ በእኩለ ቀን አካባቢ ደለሉ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። ውኃው ውስጥ ከሆነ እንደ ቱቦ የሾለ አፍንጫውን ብቻ ታያላችሁ። ዳቦ አትጣሉለት፤ ሰው መለማመድ አይበጀውም፣ አንገቱም ከሚገመተው በላይ ስለሚረዝም ይነክሳል።

8×42 የሆነ፣ ስምንት እጥፍ አቅርቦ የሚያሳይ የርቀት መነጽር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከማርች ጀምሮ ወፎች ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ በዚህ ሰማይ ያልፋሉ። ባሕሩ ዳር ግን ዓይናችሁን መሬት ላይም ጣሉ። አሸዋ የመሰለች፣ ከድንቢጥ ከፍ የምትል ወፍ እንቁላሏን ባዶ አሸዋ ላይ ትጥላለች። ክንፏን እየጎተተች የተሰበረች መስላ ከፊታችሁ ከሮጠች አትከተሏት፤ ከጎጆዋ ልታርቃችሁ ነው። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ውሻ ካለ በገመድ ይያዝ።

የባሕሩ ገደል ኩርካር የሚባል በቀላሉ የሚፈርስ ድንጋይ ነው፤ ማዕበል ከሥር ይበላዋል፣ ዝናብ ከላይ ያርሰዋል፣ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ከአፋፉ ራቁ፣ ከሥሩም ምሳ አትብሉ። ጥድ ሥር ተራ ይዘው የሚሄዱ አባጨጓሬዎች ካያችሁ ልጆቹን ሰብስቡ፤ ፀጉራቸው ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ ያሳክካል። እባብም የሚነቃው በዚህ ወቅት ነው፦ ሽፍን ጫማ አድርጉ። ከነደፈ የተነደፈውን አካል ሳታንቀሳቅሱ ወደ አምቡላንስ፣ 101 ደውሉ፤ አትብጡት፣ በገመድም ጠፍራችሁ አትሰሩት። የቆሰለ የዱር እንስሳ ካገኛችሁ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ቁጥር *3639 ነው።

መኪና የሌለው ሰው አርብን ለጠዋቱ ብቻ ይያዘው፤ አውቶቡሱ ሰንበት ከመግባቱ ሰዓታት ቀድሞ ያቆማል። ንቦቹ ማታ ሲገቡ ማየት የፈለገ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀናት አንዱን ይምረጥ።