የጅማን ቀይ አፈር መመርመርና ማከም፦ ከናሙና አወሳሰድ እስከ ኖራ አጨማመር

ጅማና አካባቢዋ በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛሉ። ደኑንም፣ ቡናውንም፣ በቆሎውንም የሚያበቅለው ይኸው ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ እያጠበ ወደ ታች ሲያወርድ ስለኖረ፣ አብዛኛው ቀይ አፈር አሲዳማ ሆኗል። ቀለሙን የሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው። አፈሩ ጥልቅና ለማረስ የሚመች በመሆኑ ለም ይመስላል፤ ምርት ሲቀንስም ብዙ ገበሬ መጀመሪያ የሚያስበው ማዳበሪያ መጨመርን ነው። ነገር ግን አሲድ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጥብቀው ስለሚይዙት፣ በውድ ዋጋ የተገዛው ማዳበሪያ እማሳው ውስጥ እያለ ሰብሉ ሊራብ ይችላል። ስለዚህ ከግዢ በፊት ምርመራ ይቅደም።

ምርመራው ከናሙና አወሳሰድ ይጀምራል፤ ናሙናው ከተበላሸ ላቦራቶሪው የሚሰጠው ቁጥር ምንም አይጠቅምም። በቅድሚያ ማሳውን በቀለሙ፣ በተዳፋትነቱና በአያያዙ ይከፋፍሉት፤ የኮረብታውን ቀይ አፈርና የረባዳውን ግራጫ አፈር በአንድ ከረጢት መቀላቀል አይገባም። ከእያንዳንዱ ክፍል ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ በመሄድ ከ15 እስከ 20 ቦታ ይምረጡ። ፍግ የተከመረበትን፣ ከብት ያደረበትን፣ የዛፍ ሥር፣ የጉንዳን ኩይሳና የእግር መንገድ ይዝለሉ። በየቦታው ቅጠሉንና ሣሩን ጠርገው 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ከቆፈሩ በኋላ፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ በአካፋ ያንሱ። ለቡና ማሳ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ካለው ንብርብርም ለብቻው ናሙና መውሰድ ይመከራል። ሁሉንም በንጹሕ የፕላስቲክ ባሊ ውስጥ በደንብ አደባልቀው አንድ ኪሎ ግራም ያህል ያስቀሩ። የዚንክ ልባጥ ያለው የቆርቆሮ ባሊ የምርመራውን ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል አይጠቀሙበት። አፈሩን በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ሥር አድርቀው፣ የማሳውን ስም፣ ጥልቀቱንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ያሽጉት። ናሙና የሚቀበለው ላቦራቶሪ የትኛው እንደሆነ በቀበሌዎ ያለውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይጠይቁ።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሰብሉን ነቅሎ ማየት ብዙ ነገር ይናገራል። የበቆሎው ሥር አጥሮ፣ ወፍሮና ቅርንጫፍ አልባ ሆኖ ከተገኘ የአሉሚኒየም ጉዳት ሊሆን ይችላል። የቦሎቄ ሥር ላይ ያሉትን እባጮች ቆርጠው ሲያዩ ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁት ባክቴሪያዎች በሥራ ላይ ናቸው፤ እባጭ ከሌለ ወይም ውስጡ ነጭ ከሆነ ግን አሲዳማነት ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ከላቦራቶሪው ቁጥሮች መጀመሪያ የሚነበበው የአፈሩን አሲዳማነት የሚያሳየው ፒኤች ነው። 7 ገለልተኛ ሲሆን፣ ከዚያ በታች በ1 ቁጥር በወረደ መጠን አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ቡና መጠነኛ አሲዳማነትን ይወዳል። ከ5.5 በታች ግን አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር መጉዳት ስለሚጀምር፣ በተለይ ለቦሎቄና ለበቆሎ አሲዱን የሚቀንስ የእርሻ ኖራ ያስፈልጋል። የኖራውን መጠን የሚወስነው ፒኤች ብቻ ሳይሆን አፈሩ በውስጡ አምቆ የያዘው አሲድም በመሆኑ፣ የጎረቤትን መጠን መቅዳት ትርፉ ኪሳራ ነው፤ ሲበዛም ዚንክንና ብረትን ለሰብሉ እንዳይደርሱ ያግዳል። ኖራው ከዘር በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቀድሞ እርጥበት ባለው ማሳ ላይ እኩል ተበትኖ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ በእርሻ ይቀላቀል። ከዩሪያ ጋር በአንድ ጊዜ መበተን ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያባክናል። የቡና ሥር ከላይ ስለሚመገብ በቆመ ቡና ሥር ጠልቆ መቆፈር ጉዳቱ ያመዝናል፤ ስለዚህ ኖራውን በተከላ ጊዜ ከጉድጓዱ አፈር ጋር ማደባለቁ ይመረጣል።

ኖራ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ናይትሮጅንና ፖታሲየም አይሰጥም። በጅማ የቡና ገለፈት በየመፈልፈያው ደጃፍ ተከምሮ ሲበሰብስ ማየት ያሳዝናል፤ ፖታሲየም የሞላበት ሀብት ነውና። ትኩሱን በቀጥታ ማሳ ላይ ማልበስ ግን ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ፣ ከፍግና ከለምለም ቅጠል ጋር እየደራረቡ፣ እርጥበቱን እየጠበቁና እያገላበጡ ወደ ኮምፖስትነት መቀየር ይገባል። ሰሳና ብርብራ የመሳሰሉትን የቡና ጥላ ዛፎች አለመቁረጥም እዚሁ ላይ ይታሰብ፤ ናይትሮጅን ያዘጋጃሉ፣ ቅጠላቸውም ለአፈሩ ጉዝጓዝ ይሆናል።

ተዳፋት ላይ ይህ ሁሉ ድካም በአንድ የክረምት ጎርፍ ሊታጠብ ይችላል። የአንድ ሴንቲ ሜትር አፈር መፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሲወስድ፣ ከጅማ ኮረብታዎች የሚታጠበው ግን ወንዞችን ተከትሎ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርድና የኃይል ማመንጫውን ግድብ በደለል ይሞላል። ለዚህ ከሁሉ የሚቀለው መከላከያ ቬቲቨር ሣር ነው። ሣሩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በጅማ ምርምር ማዕከል በኩል ወደ አገራችን የገባ ሲሆን፣ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ይወርዳል። ክረምቱ ሲገባ ከነሥራቸው የተገነጠሉትን የሣሩን ግንጣዮች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ፣ የተዳፋቱን አግድም መስመር ጠብቀው ይትከሉ፤ የሞተውን ወዲያው ይተኩ፤ ክፍተት ያለበት መስመር ውኃውን አጥብቦ ቦረቦር ያበጃልና።

ኖራ የተጨመረበት ማሳ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያው ናሙና በተወሰደበት ወቅትና በዚያው ጥልቀት እንደገና ይመርመር።