የብስክሌት ቸርኬ አመራረጥ፦ ልኩን ከማንበብ ጎማውን እስከ መግጠም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ውስጥ ለአንድ አሮጌ ብስክሌት የኋላ ቸርኬ ስፈልግ «ሃያ ስድስት ነው» ተብሎ የተሸጠልኝን አዲስ ቸርኬ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሞዞውን (ሽቦዎቹ የሚነሱበትን የመሃል እምብርት) አስገብቼ፣ ሠላሳ ስድስቱን ሽቦ ወጥሬ፣ መወላገዱን አቃንቼ ከጨረስኩ በኋላ የብስክሌቱን ጎማ ባለብሰው ጎማው ለጣት እንደሰፋ ቀለበት ዙሪያውን ይንሸራተት ጀመር። ጎማውም ቸርኬውም በገበያ ስማቸው «ሃያ ስድስት» ነበሩ፤ በመካከላቸው ግን የ31 ሚሊሜትር ልዩነት ነበር። የአንድ ቀን ተኩል ሥራዬን ፈትቼ እንደገና የጀመርኩት ይህን ቁጥር አስቀድሜ ባለማንበቤ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ቸርኬ የምለው ሽቦው የሚወጠርበትንና ጎማው የሚቀመጥበትን ክብ ብረት ብቻ ነው፤ ከሞዞውና ከሽቦው ጋር ተገጣጥሞ ሲያልቅ መንኮራኩር እለዋለሁ።

በኢንች የሚነገረው ቁጥር ጎማው ተነፍቶ የሚኖረውን ቁመት በግርድፉ የሚገልጽ የገበያ ስም እንጂ የቸርኬው ልክ አይደለም። ትክክለኛው ልክ በጎማው ጎን ላይ እንደ 37-590 ወይም 47-559 ባሉ ሁለት ቁጥሮች የታተመው ሲሆን፣ የመጀመሪያው የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበትን የቸርኬውን ዲያሜትር በሚሊሜትር ይነግረናል። በ«ሃያ ስድስት» ስም 559፣ 584 እና 590 ይሸጣሉ። ከእነዚህ 559 የተለመደው የተራራ ብስክሌት ልክ ነው፤ 590 ደግሞ በአሮጌ የከተማ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ነው። «ሃያ ስምንት» የሚባለውም ሁለት ነው፦ ፍሬናቸው በብረት ዘንግ የሚሠራ ከባድ የቀድሞ ብስክሌቶች 635 ሲሆኑ፣ የእሽቅድምድምና አብዛኞቹ አዳዲስ ብስክሌቶች 622 ናቸው። የልጆች «ሃያ» እንኳ 406 እና 451 ሆኖ ይለያያል። ከሁሉ የሚያሰጋው ልዩነቱ በዓይን የማይታየው ነው፤ የ635 ጎማ በ622 ቸርኬ ላይ ያለ ችግር ይገባል፣ አየር ሲሞላ ግን ጠርዙን ለቅቆ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ወደ ገበያ ሲወጡ የድሮውን ጎማ ይዘው ይሂዱ፤ ቢያንስ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ይያዙ።

ዲያሜትሩ ከታወቀ በኋላ የቸርኬው የውስጥ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። በቆየው ልማድ የጎማው ስፋት ከዚህ ክፍተት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ 19 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ላለው ቸርኬ ከ28 እስከ 38 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ ይስማማዋል። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ይዋልላል፤ ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገባ ደግሞ የቸርኬው ከንፈር ለድንጋይ ይጋለጣል። ኮብልስቶን በበዛበት ከተማ ለሚነዳ ሰው 40 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ጎማና ከ21 እስከ 25 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቸርኬ እመርጣለሁ።

ስለ ብረቱ ዓይነት አቋሜ የጸና ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ከሆነ አሉሚኒየም ይግዙ። በክሮም የተለበጠ የብረት ቸርኬ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ይሁን እንጂ ዝናብ ሲነካው የፍሬኑ ጎማ ያንሸራትተዋል፣ ብስክሌቱም ለመቆም እጅግ ረጅም ርቀት ይፈልጋል። በክረምት ቁልቁለት የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። አሉሚኒየም በበኩሉ በጭቃና በአሸዋ ስለሚፈገፈግ ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል፤ በጎኑ ላይ የተቀረጸው ቀጭን መስመር ወይም ነጥብ ሲጠፋ፣ ወይም ግድግዳው በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ሲገኝ መቀየር አለበት። ለዲስክ ፍሬን የተሠራ ቸርኬ ፍሬን የሚያርፍበት ገጽ ስለሌለው ጎኑን በሚይዝ ፍሬን መጠቀም አይገባም። ዕቃ ለሚጫንበት ብስክሌት ደግሞ ባለ ሁለት ግድግዳው፣ ማለትም ውስጡ ክፍት ሆኖ በሁለት ንብርብር የተሠራው ቸርኬ፣ ለጥቂት ተጨማሪ ብር የሚገባ ጥንካሬ ይሰጣል።

የሽቦ ቀዳዳዎቹ ቁጥር ከሞዞው ቀዳዳዎች ጋር አንድ መሆን አለበት፤ 28፣ 32 እና 36 የተለመዱ ሲሆኑ፣ ለኋላና ለጭነት 36 ያስተማምናል። የቫልቭ ቀዳዳውንም ይመልከቱ። እንደ መኪና ያለው ወፍራም ቫልቭ 8.5 ሚሊሜትር፣ ቀጭኑ የእሽቅድምድም ቫልቭ 6.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሽቦውን ርዝመት ሲያሰላ ነው። ስሌቱ የሚነሳው ጎማው ከሚያርፍበት ዲያሜትር ሳይሆን የሽቦው ጫፍ በመወጠሪያው ፍሬ (ሽቦውን ከቸርኬው ጋር በሚያያይዘው ትንሽ ፍሬ) ውስጥ ከሚደርስበት ዲያሜትር ነው፤ ይህንን ደግሞ በገዛ እጅ መለካት እንጂ ከማሸጊያው ላይ ማመን አያዋጣም። ሁለት አሮጌ ሽቦዎች ፍሬው ከሚገባበት ጫፍ ለክተው በትክክል 200 ሚሊሜትር ላይ ይቁረጡ። በቸርኬው ላይ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎች የመወጠሪያ ፍሬዎቹን ካስገቡ በኋላ፣ የሽቦው ጫፍ ከፍሬው ራስ ጋር እኩል እስኪሆን ያጥብቁ፤ ከዚያም ሁለቱን ሽቦዎች ወደ መሃል ወጥረው ይዘው በጫፎቻቸው መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ክፍተቱ 202 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 200 እና 200 ሲደመርበት ዲያሜትሩ 602 ይሆናል። ቸርኬ ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል በሌላ ቦታ ደግመው ለክተው አማካዩን ይያዙ።

ለምሳሌ የሞዞው ክንፍ (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት የጎኑ ክብ) ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የሚሠሩት ክብ ዲያሜትሩ 45 ሚሊሜትር፣ ክንፉ ከሞዞው መሃል ያለው ርቀት 35 ሚሊሜትር ነው እንበል። በ36 ቀዳዳ መንኮራኩር እያንዳንዱ ሽቦ ሦስት ሌሎችን እያቋረጠ ሲታሰር ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ይሆናል። የ602 ግማሽ 301፣ የ45 ግማሽ 22.5 ነው፤ የ301፣ የ22.5 እና የ35 ካሬዎች ተደምረው፣ 301 በ22.5 ተባዝቶ (እንዲህ የሚቀለው ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ስለሆነ ነው) ሲቀነስላቸው 85,559.75 ይቀራል። የዚህ ካሬ ሥር 292.5 ነው፤ ከዚህም የሞዞው ቀዳዳ ግማሽ፣ 1.2 ገደማ፣ ሲቀነስ 291 ሚሊሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። በኋላ መንኮራኩር በማርሹ በኩል ያለው ክንፍ ወደ መሃል ስለሚቀርብ ሁለቱ ጎኖች ለየብቻ ይሰላሉ፤ በማርሹ በኩል ያለው ሽቦም ያጥራል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ቸርኬውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝተው ዙሪያውን በጣት ይጫኑት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ይተዉት። ብረቱ ተጠቅልሎ ሁለቱ ጫፎቹ የተገናኙበትን ስፍራ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ የሚይዝ ደረጃ ካለ ፍሬን በያዙ ቁጥር ይመታል። ያገለገለ ከሆነ በእያንዳንዱ የሽቦ ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ይፈልጉ።

መንኮራኩሩ ከተቃና በኋላ ከፍሬው ወጥቶ የቀረ የሽቦ ጫፍ ካለ በሞረድ ይስተካከል፤ የቀዳዳዎቹም ረድፍ በጠንካራ የቸርኬ ጥብጣብ ይሸፈን፤ ካላማዳሪ ሳይወጋ የሚሰነብተው እንዲህ ሲሆን ነው። የጎማውን አንድ ጠርዝ አስገብተው ካላማዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ይንፉት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጠርዝ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረው በመዳፍ እየገፉ ቫልቩ ጋ ይጨርሱ። መጨረሻው ሲከብድ ካቻቪቴ አያንሱ፤ የገባውን ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ሲገፉት የቀረው ይላላል። ቫልቩን ወደ ላይ ገፋ አድርገው መልሰው ይሳቡት፤ ካላማዳሪው ከጠርዙ ሥር እንዳይቆነጠጥ ነው። በግማሽ ግፊት ላይ ቆመው በጎማው ጎን የተቀረጸችው ቀጭን መስመር በሁለቱም በኩል ከቸርኬው ከንፈር እኩል መራቋን ዙሪያውን አይተው ካረጋገጡ በኋላ፣ በጎማው ላይ ከተጻፈው ግፊት ሳያልፉ ይሙሉት።